ፎቶግራፉ ያላሳየው በር

ውድ አንባቢ፣ እስቲ የሠርግዎን አልበም አንድ ጊዜ አውጥተው ይመልከቱት። ሙሽራውና ሙሽሪት ቆመዋል፤ ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ እናትና አባት ከጎን ሆነው ፈገግ ብለዋል። ፎቶግራፉ ሐሰት የለበትም። ይሁን እንጂ የሆነውን ሁሉ አይናገርም። ማን ማንን እንዳቀፈ፣ ማን እንባውን ደብቆ እንደ ጠረገ፣ መዘምራኑ ሲነሡ አዳራሹ እንዴት እንደ ደመቀ ማወቅ ቢፈልጉ ቪዲዮውን መክፈት ይኖርብዎታል። ፎቶው የአንዲት ቅጽበት ምስክር ነው፤ ሕይወቱ ያለው በእንቅስቃሴው ውስጥ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ስለ ሠርግ ለመጻፍ አይደለም። በዓይን ስለማይታዩ፣ ግን በሰውነታችን ውስጥ ሌት ተቀን ስለሚሠሩ ጥቃቅን ነገሮች፣ ማለትም ስለ ፕሮቲኖች ልናወጋዎት ነው። ሳይንቲስቶች የፕሮቲኖችን ፎቶግራፍ ማንሣት ከቻሉ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማርቲን ካርፕለስ የተባሉ ሳይንቲስት ግን ከወጣት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፎቶው ብቻ አይበቃም፣ እንቅስቃሴውንም በኮምፒውተር እንየው አሉ። ያን ጊዜ ለማን እንደሚጠቅም ብዙ ሰው ያልገባው ያ ሥራ፣ ዛሬ በአገራችን በብዙ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ከሚዋጥ አንድ ኪኒን ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። መንገዱን አብረን እንከተለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮቲን ሲባል

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሥጋን፣ እንቁላልን፣ ወተትን፣ ሽሮን ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን በምግብ ያገኘነው ፕሮቲን በሆዳችን ተፈጭቶ ወደ ጥቃቅን ክፍሎቹ ከተበተነ በኋላ፣ ሰውነታችን እነዚያኑ ክፍሎች እንደገና እየገጣጠመ የራሱን ፕሮቲኖች ይሠራል። እነዚህ የሰውነታችን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ኦክሲጅን ተሸክሞ በደም ሥር ይመላለሳል፤ ሌላው ምግብ ይፈጫል፤ ሌላው ከበሽታ ጋር ይዋጋል፤ ሌላው ጡንቻችንን ያንቀሳቅሳል።

ክፍሎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ዓይነታቸው 20 ያህል ነው። በክር ላይ እንደ ተሰካ ጨሌ ተራ በተራ ይያያዛሉ። ክሩ ግን ተዘርግቶ አይቀርም። ይጠማዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም የራሱ የሆነ ቅርጽ ይይዛል። የፕሮቲኑ ሥራ የሚወሰነውም በዚህ ቅርጽ ነው። ማንኪያ ጎድጓዳ ስለሆነ ይጨልፋል፤ ቢላዋ ስለት ስላለው ይቆርጣል። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው።

አንዲት ጨሌ ብትለወጥ ምን ይሆናል? በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ሂሞግሎቢን ከተሠራባቸው ክሮች አንዱ 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ስድስተኛው ብቻ በሌላ ሲተካ፣ ከእናትም ከአባትም ይህንኑ ለውጥ የወረሰ ልጅ ቀይ የደም ሕዋሶቹ እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ። በሽታው ሲክል ሴል ይባላል፤ በአፍሪካ ብዙ ሕፃናትን ያሠቃያል። ይህ በሽታ ከሂሞግሎቢን ሞለኪውል የሚነሣ መሆኑን በ1949 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳዩት አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግ ናቸው። የፖሊንግን ስም ያስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በር የሌለው ቤት

የፕሮቲንን ቅርጽ ማየት ቀላል ሥራ አልነበረም። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ጆን ኬንድሩና ባልደረቦቻቸው ፕሮቲኑን እንደ ጨው ፍሬ እስኪረጋ ድረስ በክሪስታል መልክ ካዘጋጁት በኋላ ኤክስሬይ እየለቀቁበት፣ ጨረሩ ተበታትኖ ከሚተወው ነጠብጣብ ተነሥተው ቅርጹን አሰሉ። በ1958 የመጀመሪያውን ውጤት አሳተሙ። ያጠኑት ፕሮቲን ማዮግሎቢን ይባላል፤ በጡንቻ ውስጥ ኦክሲጅን የሚያከማች ነው። ኬንድሩ ሂሞግሎቢንን ካጠኑት ከማክስ ፔሩትዝ ጋር በ1962 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምስሉ ግን አንድ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። በማዮግሎቢን ውስጥ ኦክሲጅን የሚያርፍበት ቦታ በመካከል ተሸሽጎ ይገኛል። ሳይንቲስቶቹ ኦክሲጅኑ ከውጭ ወደዚያ ቦታ የሚገባበትን መንገድ በምስሉ ላይ ቢፈልጉ አጡት። ዙሪያውን በአቶሞች ተዘግቷል። በር የሌለው ቤት ማለት ነው። ሆኖም ኦክሲጅኑ በየቅጽበቱ ይገባል፣ ይወጣልም። እርስዎ ይህን ገጽ እያነበቡ ሳለ እንኳ በጡንቻዎ ውስጥ እየገባ ነው።

መልሱ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ፕሮቲኑ ይተነፍሳል ብንል ማጋነን አይሆንም። አቶሞቹ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ለአፍታ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ኦክሲጅኑ ሾልኮ ይገባል፤ ስንጥቁ ይዘጋል። በሩ ያለው በእንቅስቃሴው ውስጥ በመሆኑ ፎቶግራፉ ሊያሳየው አልቻለም።

ከቪየና የሸሹት ልጅ

ማርቲን ካርፕለስ በ1930 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ። አያታቸው በከተማው የታወቁ የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። በመጋቢት ወር 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ሲይዝ ካርፕለስ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው እሳቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ሮበርትን ይዘው ወደ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። አባታቸው ግን ቪየና ውስጥ ታሰሩ። እናትና ልጆች አሜሪካ ለመግባት መርከብ ሲጠብቁ ባል ይፈታ ይሆን ወይስ አይፈታ ብለው ነበር የከረሙት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባት በሰዓቱ ተፈትተው ደረሱ፤ ቤተሰቡ በአንድ መርከብ ተሳፍሮ በጥቅምት ወር 1938 ኒው ዮርክ ገባ። ከዚያም በቦስተን አካባቢ ኑሮውን ጀመረ።

ታላቅ ወንድማቸው የኬሚስትሪ መሞከሪያ ዕቃ ሲሰጠው ታናሹም እንደ እሱ ይሁንልኝ አሉ። አባት ግን ሁለት ልጆች በአንድ ቤት ፈንጂ ነገር ሲቀምሙ ታያቸውና አይሆንም አሉ፤ በምትኩ ማይክሮስኮፕ ሰጧቸው። ልጁ የኩሬ ውሃ ጠብታ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጠው በውስጧ የሚርመሰመሱትን ፍጥረታት እየተመለከቱ ሰዓታት ያሳልፉ ጀመር። ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ የተሰጠ አንድ መሣሪያ የት እንደሚያደርሰው ማን ያውቃል?

ካርፕለስ በሃርቫርድ ተምረው ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዱ። በዚያም የሲክል ሴልን ምሥጢር ባሳዩት በላይነስ ፖሊንግ ሥር በ1953 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ ወደ ኦክስፎርድ ተሻገሩ። በዚያ ዘመን በእረፍት ጊዜያቸው ላይካ ካሜራ አንግበው በአውሮፓ እየተዘዋወሩ የገበሬውን፣ የነጋዴውን፣ የልጆቹን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ፎቶግራፎቹም ከብዙ ዓመታት በኋላ በኤግዚቢሽን ቀርበዋል። ፎቶግራፍ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ1966 ወደ ሃርቫርድ በመምህርነት ተመለሱ። በንድፈ ሐሳብ ኬሚስትሪ ስማቸው ቀድሞውኑ የተጠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፊታቸውን ወደ ፕሮቲኖች እንቅስቃሴ የመለሱት። እሳቸው በኋላ እንዳስታወሱት፣ ኬሚስት ባልደረቦቻቸው ጊዜህን በከንቱ አታባክን ይሏቸው ነበር፤ የሥነ ሕይወት ሰዎች ደግሞ ቢሳካልህ እንኳ ለእኛ ምን ይረባናል ይሉ ነበር። ከሁለቱም ወገን ማበረታቻ አልተገኘም።

ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ

አሠራሩን በቀላሉ እንግለጸው። በመጀመሪያ በኤክስሬይ የተገኘው የፕሮቲኑ ቅርጽ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ እያንዳንዱ አቶም የት እንደሚገኝ በቁጥር ይጻፋል። ቀጥሎ በአቶሞቹ መካከል ያለው ኃይል ይሰላል። የተያያዙ አቶሞች በሞላ እንደ ተያያዙ ኳሶች ናቸው፤ ሲርቁ ይሳባሉ፣ ሲቀርቡ ይገፋሉ። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ኃይሉ ከታወቀ፣ አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተሙት ሕግ መሠረት አቶሙ ወዴት እንደሚሄድ ማስላት ይቻላል። ይህ ያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የኒውተን ሕግ ነው።

ችግሩ አቶሞች እጅግ ፈጣኖች መሆናቸው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አቶሞቹን አንድ እርምጃ ካንቀሳቀሰ በኋላ ቆም ብሎ ኃይሉን እንደገና ማስላት አለበት። የአንዱ እርምጃ ርዝመት የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ፣ የእሱም አንድ ሺኛ ያህል ነው። እርምጃ፣ ስሌት፤ እርምጃ፣ ስሌት። ሁሉም ተያይዞ ሲታይ እንደ ፊልም ይሆናል። ይህ በኮምፒውተር አስመስሎ የማሳየት ዘዴ ሲሙሌሽን ይባላል።

ካርፕለስ፣ ብሩስ ጌሊን የተባሉ ተማሪያቸውና አንድሪው ማካሞን የተባሉ ወጣት ተመራማሪ የመረጡት ትንሽ ፕሮቲን ነበር። ከከብት ቆሽት የሚገኝ ሲሆን 58 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር፤ በአሜሪካ ለዚህ ሥራ በቂ የኮምፒውተር ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር ስሌቱ በ1976 በፈረንሳይ አገር ኦርሴ በተካሄደ የሳይንቲስቶች ስብሰባ ላይ ተሠራ። ውጤቱም በ1977 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ።

ፊልሙ ምን ያህል ረዝሞ ነበር? ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ አሥር እጥፍ እንኳ አይሞላም። ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ከሚያልፈው ጊዜ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። ፕሮቲኑ ውሃ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በባዶ ቦታ እንዳለ ተደርጎ ነበር የተሰላው። ያም ሆኖ ያችን አጭር ፊልም የተመለከቱ ሁሉ ተገረሙ። የፕሮቲኑ ውስጥ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሳይሆን እንደ ፈሳሽ የሚዋዥቅ ሆኖ ተገኘ። አቶሞቹ ይጋፋሉ፣ ይፈናጠራሉ፣ ቦታ ይለቃሉ፣ ይመለሳሉ።

ከጥቃቅን ጅማሬ የመጣው ፍሬ ቀስ በቀስ ታየ። በ2010 ዴቪድ ሾው የሚመሩት ቡድን አንቶን በተባለ ለዚሁ ሥራ በተሠራ ኮምፒውተር ያንኑ የከብት ቆሽት ፕሮቲን በውሃ ውስጥ አድርጎ ለአንድ ሺኛ ሴኮንድ ያህል ፊልሙን ቀረጸ። ከመጀመሪያው ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይረዝማል። በ2013 ካርፕለስ በ83 ዓመታቸው የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተሰጣቸው። አብረዋቸው የተሸለሙት በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የተወለዱት ማይክል ሌቪትና በእስራኤል የተወለዱት አሪዬ ዋርሸል ናቸው።

ሳይታይ የቀረው ቦይ

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ከሦስቱ የ1977 ጸሐፊዎች አንዱ የነበሩት አንድሪው ማካሞን በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ ፕሮፌሰር ሆኑ። እዚያም ሲሙሌሽኑን በኤች አይ ቪ ፕሮቲኖች ላይ አዋሉት።

ኤች አይ ቪ በሰው ሕዋስ ውስጥ ለመባዛት ሦስት ዋና ዋና ኢንዛይሞችን ይጠቀማል። ኢንዛይም ማለት ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ነው። ከሦስቱ አንዱ ኢንቴግሬዝ ይባላል። እንደ ልብስ ሰፊ ይቁጠሩት፤ የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ ወስዶ ከእኛ ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ጋር ይሰፋዋል። አንዴ ከተሰፋ በኋላ ያ ሕዋስ እስካለ ድረስ አይተረተርም። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ኪኒኑን በየቀኑ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ቢሆን እንኳ መድኃኒቱን ሲያቆም ቫይረሱ ተመልሶ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ የልብስ ሰፊ ዋና ክፍል ሊሆን ከሚችል መድኃኒት ጋር ተጣብቆ የሚያሳይ የኤክስሬይ ምስል በ1999 ታትሞ ነበር። የማካሞን ቡድን ምስሉን ወስዶ በኮምፒውተር እንዲንቀሳቀስ አደረገው። ያን ጊዜ ፎቶው ያላሳየው ነገር ብቅ አለ። መድኃኒቱ ከሚያርፍበት ቦታ አጠገብ ለአፍታ የሚከፈትና የሚዘጋ ቦይ ነበረ። መድኃኒቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ቦይ ዞሮ ሊያርፍ እንደሚችል ታየ። ይህ በ2004 ታተመ። የመርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች በዚያው ወቅት ኢንቴግሬዝን የሚያግድ መድኃኒት ለማግኘት ለዓመታት ሲለፉ ነበርና ግኝቱን ለሥራቸው ተጠቀሙበት። በጥቅምት ወር 2007 ራልቴግራቪር የተባለው የመጀመሪያው ኢንቴግሬዝን የሚያግድ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። መድኃኒት በአንድ ሰው ወይም በአንድ ኮምፒውተር አይሠራም። በላቦራቶሪ ሺህ ቅመሞች ተፈትነዋል፤ ታማሚዎች በፈቃዳቸው ለሙከራ ቀርበዋል፤ መድኃኒቱ በትክክል እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳየው የኤክስሬይ ምስልም በ2010 የተገኘው ከተፈቀደ በኋላ ነው። ሲሙሌሽኑ ከብዙ መብራቶች አንዱ ነበር። ነገር ግን ማንም ያላየውን ጥግ ያበራ መብራት ነበር።

በእኛ ቤት

በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ የምናስታውስ እናስታውሰዋለን፤ በየሳምንቱ ቀብር ነበር። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ብዙዎችን ከሞት ያተረፉ ቢሆኑም ሸክማቸው ቀላል አልነበረም። አንዱ የፊትን ሥጋ አሟጦ ሰውን ያሳብቅበት ነበር፤ ሌላው ሌሊት በቅዠት ያስጨንቅ ነበር።

ዛሬ በአገራችን ለአዋቂዎች በቅድሚያ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር በአንድነት የያዘ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ኪኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለአዋቂዎች ሁሉ ተመራጭ እንዲሆን መክሯል። ዶሉቴግራቪር የራልቴግራቪር ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ያንኑ ልብስ ሰፊ፣ ኢንቴግሬዝን፣ እጁን ይዞ ያስቆማል።

ታናሹ ከታላቁ በምን ይበልጣል? እዚህ ላይ እንደገና እንቅስቃሴ ይመጣል። መድኃኒቱ በኢንዛይሙ ላይ ለዘላለም ተጣብቆ አይቀርም፤ ፕሮቲኑ ሲነቃነቅ ይለቃል። በላቦራቶሪ ሲለካ ከተያያዙት መካከል ግማሹ እስኪለቅ ድረስ ራልቴግራቪር 8.8 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፣ ዶሉቴግራቪር 71 ሰዓት ይፈጅበታል። ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ቫይረሱ ቅርጹን በትንሽ በትንሹ ለውጦ መድኃኒቱን ሊላመድ ቢሞክርም በቀላሉ የማይሳካለት ስለዚህ ጭምር ነው። በቀላሉ አይሳካለትም አልን እንጂ ፈጽሞ አይሳካለትም አላልንም። ኪኒኑ እየተቋረጠ ከተወሰደ ቫይረሱ የመለማመጃ ጊዜ ያገኛል።

ለባለትዳሮች የሚሆን ምክር

በብዙ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። መልካም ነው። ነገር ግን ውጤቱ ካሰቡት የተለየ ሲሆን ትዳሩ እዚያው ላይ ያበቃለት ይመስል የነበረበት ዘመን አልፏል። ካሁን በፊት ከተጋቡም በኋላ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው ነፃ የሆኑ ጥንዶች በመካከላችን አሉ። ለእነርሱ የሚከተለውን ልንል እንወዳለን።

አንደኛ፣ ተስፋው እውነተኛ ነው። በዘጠኝ አገሮች በ1,763 ጥንዶች ላይ የተደረገና አብዛኞቹ አፍሪካውያን የነበሩበት ጥናት በ2011 እንዳሳየው፣ ቫይረሱ ያለበት ወገን መድኃኒቱን ቶሎ ሲጀምር ወደ ትዳር ጓደኛው የመተላለፉ ዕድል በ96 በመቶ ቀንሷል። ጥናቱ ቀጥሎ ሲጠናቀቅ ደግሞ፣ የቫይረሱ መጠን በደም ውስጥ ተረጋግቶ ከታፈነ በኋላ ከትዳር ጓደኛ ወደ ትዳር ጓደኛ የተላለፈ አልተገኘም። ዛሬ ሐኪሞች በግልጽ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። ስለዚህ የቫይረስ መጠን ምርመራ ቀጠሮዎን አያሳልፉ፤ ውጤቱንም ሁለታችሁ አብራችሁ ስሙት። ልጅ መውለድም ይቻላል፤ ከማርገዝ በፊት ሐኪም ማማከር ነው እንጂ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ይህ መድኃኒት ከሌሎች ነገሮች ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ዶሉቴግራቪር ኢንዛይሙን የሚያስቆመው በውስጡ ያሉትን የማግኒዥየም አቶሞች በመጨበጥ ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ የብረት ኪኒን፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ አብሮ ሲወሰድ፣ መድኃኒቱ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ እነርሱን ይጨብጥና ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም ኃይሉን ስለሚቀንሰው መጠኑ መስተካከል አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዙትን ማናቸውንም ነገር ለሕክምና ባለሙያው ይንገሩ፤ ሰዓቱን ያስተካክሉልዎታል።

ሦስተኛ፣ በጸሎት ስም ኪኒን አይጣል። ተጸልዮልኛል፣ ድኛለሁ ብለው ያቆሙና ከወራት በኋላ በቃሬዛ የተመለሱ ሰዎች ታሪክ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ለምን እንደሚመለስ ከላይ ተመልክተናል፤ የተሰፋው ዲ ኤን ኤ በሕዋሶች ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ጸሎት የሚሰማ አምላክ ያለው ሰው የላቦራቶሪ ምርመራን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። መጸለዩም መዋጡም አብረው ይሂዱ፤ ውሳኔውን ሐኪም ሳያውቅ ማንም አገልጋይ አይወስንልዎ።

አራተኛ፣ በቤት ውስጥ ኪኒኑ የአንዱ ሸክም ብቻ አይሁን። ሰዓቱ ሲደርስ ውሃውን የምታቀርብ ሚስት፣ ቀጠሮውን የሚያስታውስ ባል ካለ፣ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ይቀንሳል። ተደብቆ የሚዋጥ ኪኒን ግን ከዕለታት አንድ ቀን ይረሳል።

በመጨረሻ

ዛሬ የሥራው ፍጥነት ተለውጧል። በ2024 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ብቻ ተመልክቶ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠሩ ናቸው። ዓመታት ይፈጅ የነበረው በደቂቃዎች የሚሠራበት ጊዜ ደርሷል። ነገር ግን እነዚህም ቅርጾች በአብዛኛው የቆሙ ምስሎች ናቸው። እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ የትኛው በር ለአፍታ ተከፍቶ እንደሚዘጋ ለማየት ዛሬም ካርፕለስና ጓደኞቻቸው በጀመሩት መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

ማርቲን ካርፕለስ በታኅሣሥ ወር 2024 በ94 ዓመታቸው አረፉ። በ1977 ያቺን ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ አሥር እጥፍ የማትሞላ ፊልም ሲያወጡ፣ ስለ ኤች አይ ቪ የሰማ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ በሽታው በሕክምና መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው በ1981 ነው። ለማን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። ዛሬ ማታ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በነቀምት ወይም በጎንደር አንዲት እናት ኪኒኗን ውጣ ልጆቿን ታስተኛለች። ቀጠሮዋ ሲደርስም የቫይረሱ መጠን አልታየም የሚለውን ወረቀት ይዛ ወደ ባሏ ትመለሳለች።

ውድ አንባቢ፣ በእርስዎ ቤት ወይም በሚያውቁት ቤት ያ ኪኒን ካለ፣ ዛሬ ማታ ሰዓቱ እንዳያልፍ ያስታውሱ።